የማያለቅሰው ልጅ

«ልቀቁ! እናት ትግባ! ዓይን የላችሁም እንዴ? ልጅ አዝላለች እኮ!»

ረዳቱ በሩ ላይ የተጠቀጠቁትን ወንዶች በክርኑ እየገፋ ሴትዮዋን በክንዷ ያዘና ወደ አውቶቡሱ ጎተታት። ጀርባዋ ላይ በቡናማ ማዘያ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ነገር አለ። ከላይ ቢጫ የሹራብ ኮፍያ ብቅ ብሏል። በጎኗ በኩል ካልሲ ያጠለቀች ትንሽ እግር ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች። ያች እግር የተሞላችው በጥጥ ነው። ኮፍያው ሥርም ራስ የለም፤ ያለው ካሜራ ነው።

ሰፈርተኛው ብልጭታ ይላታል። ሥራዋ ፎቶ ማንሳት ነው፤ ስቱዲዮ የላት፣ የመስታወት በር የላት፣ የት ምረቃ አለ፣ የት ሰርግ አለ እየተባለች ስትጠራ የምትሄድ። ዛሬም በሌላ ከተማ ያለ የነርሶች ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹን ያስመርቃል፤ ያንን ልታነሳ ነው የወጣችው። መኪና ያለው ፎቶ አንሺ ዕቃውን የኋላ ወንበር ላይ አጋድሞ፣ ዘፈን ከፍቶ፣ ዘና ብሎ ይሄዳል። መኪና የሌላት በአውቶቡስ፣ በግፊያና በሌባ መሀል ነው የምታልፈው። ዘዴ ያስፈልጋታል።

ዘዴው የእናቷ ነው። አምና የፊተኛውን ካሜራ አውቶቡስ ውስጥ ሰረቋት። ቦርሳውን ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር የተሳፈረችው፤ አቅፋውም ነው የወረደችው። ቤት ገብታ ስታየው ሥሩ በምላጭ ተቀዷል፤ ውስጡ የቀረው የሌንስ መወልወያ ጨርቅ ብቻ ነው። ክው ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እናትየዋ ባዶውን ቦርሳ አንስታ ገልበጥበጥ አድርጋ አየችው።

«ይሄ ምን ተብሎ ነው የተጻፈበት?»

«የካሜራው ፋብሪካ ስም ነው፣ እማዬ።»

«በዚህ በትልልቁ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ስረቁኝ ብሎ ከመጻፍ በምን ይሻላል? እኔ ፊደል ያልቆጠርኩት ሴትዮ እንኳ ውስጡ ምን እንዳለ ከመንገድ ማዶ ሆኜ አውቃለሁ። ሌባውማ የተማረ ነው!»

እናትየዋ እንዲህ ናት። ስታዝን ትሳደባለች፤ ተሳድባ ስትጨርስ ደግሞ አንድ ነገር ታደርጋለች። ያን ጊዜ ያደረገችው የጆሮ ጌጧን መሸጥ ነው። ሌላ ካሜራ ተገዛ። ከዚያ አሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ ዘርግታ ቀደደች፤ በሕፃን ልክ አድርጋ ትሰፋው ጀመር። ካሜራው ከነሌንሱ ከላይ፣ በራስ በኩል ይገባል። ረጅሙ ሌንስ በወገብ በኩል፣ ፍላሹ በእግር በኩል። እርጥበት እንዳይዘው ሩዝ በትንሽ ከረጢት ተቋጥሮ ከጎኑ ይሸጎጣል። ባትሪዎቹ በብልጭታ ጡት መያዣ ውስጥ ይሄዳሉ፤ ፎቶው የሚቀመጥባቸው ካርዶች በቀሚሷ ጠርዝ ይሰፋሉ። ሌባ ቢመጣ የቱን ከየት ብሎ ይጀምራል?

«እዘይው» አለቻት፣ የመጨረሻውን ክር በጥርሷ በጥሳ። «ሌባም ቢሆን እናት ወልዳዋለች፤ ሕፃን ላይ ምላጭ አያሳርፍም። ጨክኖ ቢያሳርፍ እንኳ ሽንቱን ይጸየፋል።»

«ሰው ቢያውቅብኝስ?»

«ሰው የት አባቱ ያውቃል! የተኛ ልጅ ፊት ማን ገልጦ ያያል? ደግሞ በዚህ ዕድሜሽ አንድ ነገር ስታዝይ ልይሽ እስቲ።»

ዘዴው ሠራ። እንዲያውም ከልኩ በላይ ሠራ። ሰልፍ ይለቀቅላታል፣ ወንበር ይለቀቅላታል፣ ፈታሾች እጃቸውን ሳይሰነዝሩ «እለፊ፣ እናት» ይሏታል። «ስንት ወሩ ነው?» ሲባል ለአንዷ ስድስት፣ ለሌላዋ ስምንት ትላለች፤ ልጁ እንደ አፏ ያድጋል፣ እንደ አፏ ያንሳል። መጀመሪያ ላይ ታፍር ነበር። ኋላ ለመደችው። ከመልመዷ የባሰው ደግሞ ደስ ማለቱ ነው፤ ሰው «እናት» ሲላት ወገቧን ቀና ታደርጋለች። እናቷም ስልክ በደወለች ቁጥር «የልጅ ልጄ እንዴት ዋለ?» ትላታለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

ዛሬም ገና እግሯ ሳይገባ አንድ ሰው ተነሳላት። ሱሪው ላይ የደረቀ ሲሚንቶ የተረጨበት፣ እጀ ሰፊ፣ ሳቂታ ወጣት ነው።

«ተቀመጪ እህቴ» አላት። «እኔ መቆም ሥራዬ ነው። ለሳኝ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ተፋጥጬ ነው የምውለው።»

«ኧረ ግዴለም።»

«ቁጭ በይ እንጂ! ልጅ አዝለሽ ልትቆሚ?»

ፈትታው ጭኗ ላይ አጋድማ ተቀመጠች። አጠገቧ ጨቅላ ያቀፈች ሴት አለች። የሷ ልጅ እውነተኛ ነው፤ እውነተኛነቱም ከሩቅ ይሰማል። አፉን በሰፊው ከፍቶ ይጮሃል፣ ያልበዋል፣ የእናቱ ትከሻ ላይ ያስታውካል።

«እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው እባክሽ!» አለች የጨቅላው እናት፣ ቅናቷን ሳትደብቅ። «የኔን ጉድ ታያለሽ? ከተወለደ ጀምሮ አፉን ዘግቶ አያውቅም። ቁርጥ አባቱን። ምን እያጠባሽው ነው?»

«ተፈጥሮው ነው» አለች ብልጭታ።

«ስሙ ማነው?»

«ገና አላወጣንለትም።»

«እንዴ! ይሄን አክሎ?»

«ከአባቱ ጋር አልተስማማንም።»

«አይ፣ ወንዶች! ሸክሙ ላይ የሉ፣ ስሙ ላይ ግን ይከራከራሉ።»

ለሳኙ ይህን ሰምቶ ከላይ ጎንበስ አለ። «የኔም ሚስት ልትወልድ ተቃርባለች» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «የመጀመሪያችን ነው። እኛም ስም ስንመርጥ ልንጣላ ምንም አልቀረን። እስቲ ገዱ እንዲተርፈኝ እግሩን ልንካው?»

እጁን ወደዚያች ጥጥ ወደሞላት እግር ዘረጋ።

«ተው!» ብላ ጮኸችበት። ድምጿ ለራሷም ከበዳት። «ይነቃብኛል።»

«ይቅርታ እህቴ።» ያን ሰፊ እጁን እሳት እንደነካው ሰው ቶሎ ሰበሰበ። «እውነትሽን ነው፤ የኔ እጅ እንኳን ልጅ፣ ግድግዳ ይቀሰቅሳል።»

በዙሪያው ያለው ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ። ብልጭታ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ከከተማው ወጥተው መንገዱ ቁልቁል ሲጠማዘዝ የጨቅላው እናት ስለ አማቷ እያወራች ነበር። ከፊት አንድ የጭነት መኪና መስመሩን ለቆ መጣ። ሹፌሩ መሪውን ጠመዘዘ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብልጭታ በቅደም ተከተል ልትናገር አትችልም። መሬት በመስኮቱ በኩል መጣ፤ ወንበር ከላይ፣ ሰው ከታች ሆነ፤ የሆነ ሰው ጫማ ፊቷን መታት። ከዚያ ጸጥ አለ። ከዚያ ሁሉም ባንድ አፍ ጮኸ።

አውቶቡሱ የመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ በጎኑ ተኝቷል። ረዳቱ የፊቱን መስታወት በእግሩ ረግጦ ጣለና ሰዉን በእጁ፣ በኮሌታው፣ ባገኘው በኩል እየያዘ ያወጣ ጀመር። ብልጭታንም በብብቷ ይዞ አወጣት። ሣር ላይ ቆመች። አልሞተችም። ክንዷ ተላልጧል እንጂ አልተሰበረም። የጨቅላው እናት አጠገቧ ቆማ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ትንቀጠቀጣለች፤ ልጁ እንደ ልማዱ ይጮሃል። ሹፌሩ ግንባሩ ደም በደም ሆኖ፣ «ራቁ! ነዳጅ እየፈሰሰ ነው! ማንም እንዳይጠጋ!» ይላል። ከሞተሩ በኩል ጭስ ተነሳ።

እቅፏ ባዶ መሆኑን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

«ልጄ!» ብላ ጮኸች።

እንዲህ ነው የጮኸችው። ማንም ቃሉን አፏ ውስጥ አላስገባላትም። «ካሜራዬ» ብትል ቅንድቡን እንኳ የሚያነሳላት እንደሌለ አፏ ከሷ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

«ልጄ ውስጥ ነው! አውጡልኝ! ልጄን!»

ለሳኙ ደህና ወጥቶ ነበር። ጭረት አልነካውም። ሱሪውን እያራገፈ ሳለ ድምጿን ሲሰማ ቀጥ አለ፤ ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ። አንዴ ጭሱን አየ፣ አንዴ እሷን አየ፣ ከዚያ ሮጠ።

«ወዴት ነህ አንተ! ይፈነዳል እያልኩህ!» ሹፌሩ ሸሚዙን ጨምድዶ ያዘው።

«ሕፃን አለ ትላለች እኮ!»

ሸሚዙ ሹፌሩ እጅ ላይ ተቀድዶ ቀረ። ለሳኙ በኋላው መስኮት፣ ጥርስ ጥርስ ሆኖ በቀረው መስታወት መሀል ገባ። ብልጭታ እግሩ ሲገባ አየችው። «ተው፣ ተመለስ፣ ካሜራ ነው» ማለት ትችል ነበር። ጊዜ ነበራት። አፏንም ከፍታ ነበር። የወጣው ቃል ግን ይሄ ነው፤

«በቀኝ በኩል! ወንበሩ ሥር እይልኝ!»

ጭሱ ወፈረ። ውስጥ የሆነ ነገር ተንኳኳ፣ የሆነ ነገር ተሰበረ፣ ከዚያ ምንም አልተሰማም። አንዲት አሮጊት ሴት ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው መጸለይ ጀመሩ። ሹፌሩ የተቀደደውን ሸሚዝ እንደያዘ ነው፤ መጣል አልቻለም።

ቢጫዋ ኮፍያ በመስኮቱ ብቅ አለች። ከኋላዋ የለሳኙ ራስ። ጥቅሉን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አጥብቆ አቅፎታል። አንዱን እጁን እንኳ ለመደገፊያ አላዋለውም፤ ስለዚህም ሲወጣ በክንዶቹ መስታወቱ ላይ ወደቀ። ሲነሳ ከእጁ አንጓ ጀምሮ ደም ነው።

«ይዤዋለሁ! አይዞሽ እህቴ፣ ይዤዋለሁ!»

ረዳቱ ሮጦ ጥቅሉን ተቀበለው። ሌሎቹ ለሳኙን ከጭሱ ጎትተው አራቁት። አንዱ ቀበቶውን ፈትቶ ክንዱን ጠፍሮ አሠረለት። ግርግሩን አይቶ የቆመ አንድ ፒክአፕ ነበር፤ ተሸክመው ከኋላው ጫኑት። እሱ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ ይጠይቃል።

«ተነፈሰ? ይተነፍሳል?»

ረዳቱ በምን ይወቅ? ሰውየው ደሙ እየፈሰሰ ነው፤ ምን ይበለው? «ይተነፍሳል! ደህና ነው! አንተ ዝም ብለህ ሂድ!» አለው።

ለሳኙ ሳቀ። እንደዚያ ሆኖም ሳቀ። ፒክአፑ ይዞት ሄደ።

ረዳቱ ጥቅሉን ለብልጭታ ሰጣት። ሰው ከበባት። ሁሉም የሚጠብቀው ለቅሶ ነው። ለቅሶ የለም።

«ምነው አያለቅስም?» አለ አንዱ በሹክሹክታ።

ብልጭታ ጥቅሉን ወደ ጆሮዋ አስጠጋችና ነቀነቀችው። ደግማ ነቀነቀችው። የተሰበረ ሌንስ ሲነቀነቅ ይንኮሻኮሻል፤ ያንን ነው የምታዳምጠው። ምንም አልተንኮሻኮሸም።

«ተመስገን» አለች።

«አብዳለች! ልጁን ንጠቋት!» ብላ ጮኸች አንዷ።

የጨቅላው እናት የራሷን ልጅ ረዳቱ እጅ ላይ ጣል አድርጋ ጥቅሉን ቀማቻት። ሣሩ ላይ ተንበረከከች። «ዘወር በሉ! አየር ይግባው! ትንፋሹን ልየው!» እያለች ኮፍያውን ሞሽልቃ አወለቀች፤ አፏንም ወደ አፉ አስጠጋች። የሌንሱ ክዳን ከኮፍያው ጋር ተላቅቆ ወደቀ። ጥቁር ክብ መስታወት ቁልጭ ብሎ አያት፤ የራሷ ፊት ውስጡ ትንሽ ሆኖ ይታያል።

«ይሄ... ይሄ ምንድነው?»

እግሩን ያዘች፤ ስትስበው ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። አሮጊቷ እግሩ የተቆረጠ መስሏቸው ጮኹ። ጥጡ ሲፈስ ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው፤ ምን ላይ እየሳቀ እንደሆነ ሲገባው አፉን በእጁ አፈነ።

«ካሜራ ነው» አለ ሹፌሩ፣ በሕልሙ እንደሚያወራ ሰው ቀስ ብሎ። «ሰውየው የገባው ለካሜራ ነው።»

ብልጭታ እንዲሰድቧት ተመኘች። ለስድብ ቢሆን መልስ አታጣም፤ የእናቷ ልጅ ናት። ማንም አልሰደባትም። ዓይናቸውን ግን ከፊቷ ላይ አላነሱም። የጨቅላው እናት ኮፍያውን ካሜራው ላይ መልሳ አጠለቀች። የተነቀለውን እግር መልሳ ከማዘያው ሥር ሸጎጠች። ተነሳችና ጥቅሉን ብልጭታ ደረት ላይ አስታቀፈቻት።

«እንኪ» አለቻት። «ልጅሽን ያዢ።»

ተጎጂዎቹ ሁሉ የተወሰዱበት ጤና ጣቢያ ትንሽ ነው። የኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር በተላላጡና በተቀጠቀጡ ሰዎች ተጨናንቋል፤ ግድግዳ ተደግፎ የቆመም አለ። ብልጭታ ከተቀመጠችበት ግራና ቀኝ ግን ባዶ ነው። ጠዋት ወንበር የለቀቁላት ሰዎች አሁንም ለቀቁላት።

ኮፍያውን ገለጥ አድርጋ የካሜራውን ቁልፍ ነካችው። በራ። ባትሪ ውስጡ እንደረሳች እንኳ አላወቀችም ነበር። ሌንሱን በጣቷ ዳሰሰችው፤ እንደ ዓይን ብሌን ለስልሷል። ሁሉ ነገር ደህና ነው። የተሰበረ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የምታለቅስበት ነገር ታገኝ ነበር። ቶሎ አጠፋችውና ሸፈነችው።

ነርሷ ከውስጥ ወጣች። «የሕፃኑ እናት ማናት? ሰውየው እየጠየቃት ነው፤ አላስቀምጥ ብሎናል።»

ሰዉ ሁሉ ወለሉን አየ።

«እኔ ነኝ፣ ሲስተር» አለች ብልጭታ። «እጁስ?»

«ደሙ ቆሟል። ሰፍተነዋል። ጅማቱ ግን የኛ ሥራ አይደለም፤ ወደ ትልቁ ሆስፒታል እንልከዋለን።» ነርሷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሁለቱ ጣቶቹ አይታጠፉለትም። በኋላ ይመለሱለት ይሆናል፤ ላይመለሱለትም ይችላሉ።»

«የቀኙ ነው?»

«የቀኙ።»

«ሥራው ልስን ነው።»

«ነግሮኛል። ግን ስለ ጣቱ አይደለም የሚያወራው፤ ስለ ልጁ ነው። እስቲ እኔም ልየው፤ የመረመረው አለ?»

ነርሷ ወደ ጥቅሉ ጎንበስ አለች። ብልጭታ ጀርባዋን ሰጠቻት።

«ደህና ነው» አለች። «ተኝቷል።»

ከዚያ ሁሉ በኋላ አሁንም ይህን አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷ ሰማችውና ደነገጠች። አጠገቧ የቆመው ሹፌር ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

ነርሷ ወደ ውስጥ ስትመለስ ረዳቱ ከውጭ ገባ። «ሌላ መኪና ተልኮልናል» አለ ለሁሉም። «መሄድ የምትችሉ ውጡ።» ብልጭታ ዘንድ ሲደርስ ዓይኗን ሳያይ ነው የተናገረው። «አንቺም ተሳፈሪ። ግቢና ልጁ ደህና ነው በይው፣ አመስግኚው፣ ውጪ። ሌላው ምን ያደርጋል? እኔ ይተነፍሳል ብዬዋለሁ፤ እኔን ደግሞ ውሸታም አታድርጊኝ።»

«ቢያውቅስ?»

«ማን ይነግረዋል? ከዚህ ሁሉ ሰው አንድም የሚነግረው የለም፤ ተነጋግረናል። ሰውየው ጣቶቹን ሰጥቶም ደስ ብሎታል። ደስታውንም ደግሞ ልትወስጂበት ነው?»

ንግግሩ ደግ ንግግር ነው፤ ለሷም ይመቻል። የሚመች ነገር ሁሉ አሁን ያስፈራታል።

ስልኳ ጮኸ። ትምህርት ቤቱ ነው። «የት ደረስሽ? ተመራቂዎቹ ልብሳቸውን ለብሰው ፀሐይ ላይ ናቸው እኮ!» አሏት። «ሌላ ሰው ፈልጉ» ብላ ዘጋችና እናቷ ዘንድ ደወለች።

«እማዬ፣ አውቶቡሱ ተገለበጠ።»

«ወይኔ ልጄን! አንቺስ? አንቺስ?»

«ደህና ነኝ። ክንዴ ብቻ ነው።»

«ተመስገን! ተመስገን...» እናትየዋ ትንፋሿን ሰበሰበች። ከዚያ እንደ ልማዷ፣ «የልጅ ልጄስ?» አለች።

ብልጭታ ነገረቻት። «ልጄ» ብላ እንደጮኸች፣ «በቀኝ በኩል» እንዳለች፣ ስለ መስታወቱ፣ ስለ ጣቶቹ፤ አንድም አላስቀረችም። እናትየዋ ዝም አለች። ብልጭታ ተወልዳ እስካሁን እናቷ ዝም ስትል ሰምታ አታውቅም።

«እማዬ? አለሽ?»

«አለሁ። ልጅ አለው ሰውየው?»

«ሚስቱ እርጉዝ ናት።»

«እግዚኦ።» አለች እናትየዋ። «ውሸቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ፣ በገዛ መርፌዬ። ግን ለሌባ ነው የሰፋሁት፤ ለደህና ሰው አልሰፋሁትም። የጮኽሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ። ጩኸቱ የኔ መርፌ የለበትም።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? እኔ የመከርኩሽን እኮ አየሽው።»

ስልኩ ተዘጋ።

ብልጭታ ማዘያውን ፈታች። ኮፍያውን አወለቀች፤ ደሙ ደርቆበት ሹራቡ ተኮማትሯል። ስፖንጁን፣ የሩዙን ከረጢት፣ ያችን እግር፣ ሁሉንም ወንበሩ ላይ ተወችው። ካሜራውን ብቻ አንስታ ማንገቻውን አንገቷ ላይ አጠለቀች። ካምና ወዲህ ሰው ፊት እንዲህ በግልጽ ይዛው ቆማ አታውቅም። ሌባ ቢኖር እዚያው ያየው ነበር።

«ኧረ አታድርጊው!» አለ ረዳቱ።

ገባች።

ለሳኙ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ ተጋድሟል። እጆቹ እስከ ክርኑ ድረስ በፋሻ ተጠቅልለው እንደ ሰው ዕቃ ብርድ ልብሱ ላይ ተቀምጠዋል። ፊቱ ላይ ግን ያ የጠዋቱ ሳቅ አለ።

«መጣሽ! ልጁስ? ውጭ ነው? አምጪው እንጂ፣ አሁንማ ብነካው አትቆጪም!»

«ልጅ አልነበረም» አለች።

«እ?»

«ያዘልኩት ልጅ አልነበረም። ይሄ ነው።» ካሜራውን በሁለት እጇ ከፍ አደረገችው። «ሌባ እንዳይወስድብኝ ልጅ አስመስዬ ነው የማዝለው። ያወጣኸው ይሄን ነው።»

ሳቁ የሚሄድበት አጥቶ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ። ካሜራውን አየ። ከኋላዋ በሩን አየ፣ አንድ ሰው ልጁን አቅፎ የሚገባ ይመስል። ማንም አልገባም።

«ልጄ ብለሽ ጮኸሻል» አለ።

«አዎ።»

«በቀኝ በኩል ብለሽኛል።»

«ብዬሃለሁ።»

ዓይኑን ከሷ ላይ አንስቶ ግድግዳው ላይ ጣለ። የክፍሉ ልስን ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጥቋል። ረጅም ጊዜ አየው።

«አልተሰበረም?»

«አልተሰበረም። አንድ ጭረት የለውም።»

«አጥብቄ ነበር የያዝኩት» አለ። «እጄ ላይ ሲቀዘቅዝብኝ ሊሞት ነው ብዬ... እያሞቅኩት ነበር እኮ።»

ብልጭታ የአልጋውን ብረት ያዘች። ይቅርታ ልትል ነበር የገባችው። አሁን ቃሉ አንድ ሳንቲም ያህል ቀለለባት፤ ዋጠችው።

«ለሚስቴ ደውዬላታለሁ» አለ፣ አሁንም ወደ ግድግዳው እያየ። «ነርሷ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዛልኝ። ስለ እጄ ምንም አላልኳት። ልጅ አወጣሁ ነው ያልኳት። አለቀሰች። ስሙን ጠይቅልኝ አለችኝ፤ ወንድ ከሆነ ለኛም እሱን እናወጣለታለን አለች። አሁን ምን ልበላት?»

ከውጭ የመኪና ጥሩንባ ጮኸ። ረዳቱ ራሱን በበሩ አስገባ። «መሄዳችን ነው። ትመጫለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ?»

ካሜራውን ከአንገቷ አውልቃ የአልጋው ግርጌ ላይ አኖረችው። ከትራሱ አጠገብ የነበረውን ስልክ አነሳች፤ በሲሚንቶ የተቧጨረ፣ የጥግ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ነው።

«ቁጥሯ የቱ ነው?»

«መጨረሻ የተደወለው።» አሁን ዞሮ አያት። «አንቺ ልትነግሪያት ነው?»

«የጮኽኩት እኔ ነኝ።»

ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። ደወለች። ውጭ የመኪናው ድምፅ እየራቀ ሄደ። ስልኩ ገና አንዴ ሳይጠራ ተነሳ።

«ሀሎ! የኔ አንበሳ! ስሙን ጠየቅካት?»

«ስም የለውም፣ እህቴ» አለች ብልጭታ። «ባልሽ አጠገቤ ነው፣ በሕይወት አለ፣ አትደንግጪ። እኔ ሴትዮዋ ነኝ። ቁጭ በይና ልንገርሽ።»